ጃንጥላን የመረጠው ሰፈር

ከአቶ ደምሰው ጋር ከተያየን ስንት ዓመት እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ብቆጥርም እዚህ አልጽፈውም። ባለፈው ወር እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ ላንድማርክ አጠገብ ካለው ፋርማሲ የጉንፋን ክትባት ልወጋ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ክንዱን ወደ ሹራቡ እጅጌ ለመመለስ ሲታገል አየሁ። ፊቱን አላወቅሁትም። ያወቅሁት ሳሉን ነው። ንግግር ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ይስላል፤ ያ ሳል በሁለት መንግሥት ሥር ስንቱን ስብሰባ ከፍቶብናል። «ወይዘሮ አስካለ፣ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ነኝ አልኩት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እሱ» እያልኩ ነው የምጠራው። ፊት ለፊት ግን አንቱ ብዬዋለሁ፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ እኔንም አሳዳጊ አልበደለኝም።

ሳልጠይቀው ወሬውን ዘረገፈው። ደም ግፊቱን፣ ያስተከለውን ጥርስ፣ የልጁን አዲስ ቤት ነገረኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀርመንታውን እንደምንገናኝ እርግጠኛ ሆኖ ጠየቀኝ። የአብሮ አደጌ የእታገኝ ሰማንያኛ ዓመት ልደት ነው፤ ልጇ ሶስና እኔንም ኮል አድርጋኝ ነበር፣ ጉልበቴን አሳብቤ እንደማልመጣ ነግሬያታለሁ። እሱ ግን መድረክ መሪ ተደርጓል። ማን እንዳደረገው አልጠየቅሁም፤ መድረክ ባለበት ሁሉ እሱ እንዴት እንደሚገኝ ድሮም ገብቶኝ አያውቅም። «በዚያ ምርጫ ስለደረሰባት ነገር ትንሽ ልናገር አስቤያለሁ» አለ። «ሕዝቡ ያኔ ገና አልነቃም ነበር። እንዲያ ስታዋልደው የኖረችው የገዛ ሰፈሯ እንኳ አልመረጣትም።» ይህን ብሎ ሹራቡን አስተካክሎ ሄደ። ነርሷ ስሜን ጠርታ የትኛውን ክንድ ስትለኝ ሁለቱንም ዘረጋሁላት።

ያ ዘመን ደስ የሚል ዘመን ነበር። ይህን ስል የሚቆጡ አሉ፤ ይቆጡ። ወታደሮቹ ሄደው፣ የመጡት ደግሞ ገና ወንበሩን እያሟሟቁ፣ መሐል ላይ አንድ ሁለት ዓመት ትንፋሽ የተገኘበት ጊዜ ነው። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ዳቦው በእጅ ሲያዝ ይሞላ ነበር። ያን ሁሉ ካኪ ያወለቅንበት ሰሞን ስለሆነ ከተማው በአንድ ጊዜ ቀለም በቀለም ሆነ። እኔ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት ሐምራዊ ኮት አሰፋሁ። መሥሪያ ቤቴ ለብሼው ስገባ የክፍል ኃላፊዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ምነው፣ ሚኒስትር ሆንሽ?» አለኝ። እንደሱ ያለ ሚኒስትር ከመሆን ታይፒስት ሆኖ መኖር ይሻላል አላልኩትም፤ አሁን ብያለሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ የፍቅር ዘፈን ያዘንባል። ከዚያ በፊት ያ ጥግ የሰልፍ መነሻ ነበር። ጋዜጣና መጽሔት አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ይከራያል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ አንብበህ ትመልሳለህ። አንዱ ሲያነብ አራቱ በትከሻው ላይ ያነባሉ፤ ገጹን ቶሎ ከገለጠ ይቆጡታል። ደብረ ዘይትን እንኳ አልፎ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ ፌዴሬሽን ይከራከር ነበር።

ፓርቲም እንደ አደይ አበባ ፈነዳ። ልብስ ሰፊያችን በሱቁ ውስጥ አንድ አቋቁሞ ነበር፤ ሰባት አባላት ነበሩት፣ ሦስቱ ሊቃነ መናብርት ነበሩ። የጽሕፈት ሥራቸውን በነፃ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ ፕሮግራማቸውን ታይፕ ሳደርግ የት እንደሚያልቅ እነሱም አያውቁትም ነበር። ግን ማንም አላሰራቸውም፣ ማንም አልሳቀባቸውም። በስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ «እቃወማለሁ» ማለት እንደ አዲስ ጫማ ነበር፤ ሰው ሁሉ ለመሞከር ብቻ ይቃወም ነበር። ከዚያ በፊት በቀበሌ ስብሰባ የምናውቀው ማጨብጨብን ብቻ ነው። ያኔ የቀበሌው ሰብሳቢ የነበረው ደምሰው ከፊት ቆሞ ስለ ምርት ዕድገት ሲያነብልን እኛ ሴቶቹ ከኋላ ተደርድረን ዳንቴል እንሠራ ነበር። ሲጨበጨብ ኪሮሻችንን አስቀምጠን እናጨበጭባለን፣ ምን እንደጸደቀ ማንም አያውቅም። ቤቴ ያለው የአልጋ ልብስ ሙሉው የደምሰው ንግግር ነው። እሱ ካኪውን አውልቆ የቆዳ ጃኬት ለመልበስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም፤ ወዲያው የአዲሶቹ ገዢዎች ሰው ሆኖ ብቅ አለ።

እታገኝ አዋላጅ ነርስ ናት። በሰፈራችን ከወንዙ ወዲህ የተወለደ ልጅ መጀመሪያ ያየው የእሷን ፊት ነው። ከእኔ ጋር አብረን አድገናል፤ አንቺ ትብሽ አንቺ ትብሽ እየተባባልን የኖርን ነን። ለፓርላማ በግል ለመወዳደር ስትወስን ቀድማ የነገረችው ለእኔ ነው። አበድሽ ወይ አልኳት። ምልክት የምትመርጥበት ቀን ዘግይታ ደረሰች፤ ምጥ ላይ ነበረች፣ የሌላ ሰው ምጥ። በሬውን፣ መጥረቢያውን፣ የእጅ ባትሪውን፣ ኃይልና ብርሃን የሚመስለውን ሁሉ ወንዶቹ ተሻምተው ጨርሰዋል። የተረፈው ጃንጥላ ነበር። እያለቀሰች መጣች። ሴቶቹ ግን ወደዱት። ፖስተር የምናሳትምበት ስላልነበረን እያንዳንዷ የራሷን ጃንጥላ ይዛ ወጣች፤ መርካቶ ሄዶ አዲስ የገዛም አለ፣ በአሥራ አምስት ብር የቻይና። በዚያ ፀሐይ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቦኖ ውኃ ሳይቀር ጥቁር ጃንጥላ ተዘርግቶ ነበር የሚኬደው። ከድልድዩ ማዶ ያሉት ሰዎች በሽታ ገባ ብለው አስወሩብን።

እኔ እጅ ጽሑፌ ያማረ ስለነበር የምርጫ ጣቢያው ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ፤ ሰብሳቢው ደምሰው ነበር። የምርጫው ዕለት ጠዋት ሴቶቹ ከነጃንጥላቸው ተሰልፈው መጡ። ደምሰው ሁለት ጊዜ ሳለና በጣቢያው ግቢ የምርጫ ምልክት ይዞ መገኘት ቅስቀሳ ስለሆነ ክልክል ነው አለ። ሕጉ እውነት ነው፤ አልካድኩትም። በሩ ላይ ጃንጥላው ሁሉ ተሰበሰበ፣ እንደ ቁራ መንጋ ተከመረ። ጎረቤታችን ትርንጎ፣ ዛሬ እዚህ በስደት በርክ የምትኖረው፣ አላስረክብም ብላ ነበር። «ፀሐይ የማይስማማኝ ሰው ነኝ። ፀሐይዋም ፓርቲ አላት?» አለችው፤ በመከራ ተቀበሏት። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሰልፈኛው ከነሻሹ፣ ከነነጠላው በሰበሰ፤ ቦታውን የለቀቀ ግን የለም። ያኔ ደምሰው ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት መሄድ ፈለገ። በመስኮት ወደ ዝናቡ አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ ከክምሩ አንዱን ጃንጥላ መዝዞ ዘርግቶት ወጣ። ሰልፉ ባንድ ጊዜ አጨበጨበለት። እልል ያሉም አሉ። ቆሞ መመለስም መሄድም አቅቶት በዚያ ጃንጥላ ሥር ሲያመነታ እስከዛሬ ይታየኛል። ሲመለስ ትርንጎ «አቶ ደምሰው፣ ድምፅዎን እናመሰግናለን» አለችው። ባዝንም ብደሰትም ያቺን ሰዓት አስታውሼ እስቃለሁ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ብቻዬን ስስቅ ልጄ ሜሮን ከሳሎን «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬይ?» እያለችኝ ነው።

ጣቢያችን ትንሽ ስለነበረች ቆጠራው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። እታገኝ አሸነፈች። ወረቀቱን በእጄ ጻፍኩት፣ ፈረምኩ፣ ታዛቢዎቹም ፈረሙ። ሕጉ እዚያው በሩ ላይ ይለጠፍ ይላል። ደምሰው በሩ ረጥቧል፣ ሙጫ አይዝም፣ ነገ ጠዋት እለጥፈዋለሁ አለና አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። በበነጋው በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እኔ የጻፍኩት አልነበረም። ፊደሉ እንደሚባረር ሰው ወደፊት የተዘነበለ ነው፤ ውጤቱም የተገላቢጦሽ። ከሥሩ ግን ስሜ አለ። በዚያው ሳምንት ኃላፊዬ ቢሮው አስገባኝና ስለ ልጆቼ ጤንነት ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ልጆች እንዳሉኝ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ባለቤቴ ያን ጊዜ የት እንደነበረ እዚህ አልናገርም። ዝም አልኩ፤ ታዛቢዎቹም ዝም አሉ።

እታገኝ ሰፈሩ እንደካዳት አመነች። ማን ይፈርድባታል? ወረቀቱ በሩ ላይ ነው። ያዋለደቻቸውን ሴቶች ሰላም ማለት አቆመች፤ እነሱም እሷ የኮራችባቸው መሰላቸው። እኔን ግን ሰላም ትለኝ ነበር። ቦኖ ውኃ ጋር፣ በሰው ፊት፣ «እንዴት አደሩ ወይዘሮ አስካለ?» አለችኝ። አብሮ አደጌ እርስዎ አለችኝ። ቢያንስ አርባ ሰው ባልዲውን ይዞ ሰማ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቷ ሄዶ ጉዳዩን ያስረዳት ነበር። እኔ ባልዲዬን ሞልቼ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ዓመት ሳይሞላ እሷም ሰፈሩን ለቃ ሄደች።

ምርጫ ከዚያ በኋላም በየጊዜው መጣ። በእያንዳንዱ ዙር ግን የምልክቱ ዝርዝር አጠረ። መጀመሪያ በግል የሚወዳደሩት ቀሩ፤ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ጠፋ፤ ቀጥሎ ጋዜጣ የሚከራይበት አስፋልት ላይ ካልሲ ይሸጥ ጀመር። በመጨረሻ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ ጠዋት ተጠርቶ፣ ተሰልፎ መርጦ ገባ፤ ዳንቴሌን ይዤ ልሂድ እንዴ ብዬ አስቤ ነበር። ቲሸርቱን ያከፋፈለችው የአከራዬ እህት ናት። ስሟን ተውኩት፤ የምታነብ ከሆነ ታውቀዋለች። እኔ ሜሮን ዲቪ ደርሷት ከወጣች በኋላ አመልክታልኝ መጣሁ።

የደምሰውን ስም እንደገና የሰማሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የተቃዋሚ ፓርቲ ድጋፍ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኗል አሉኝ፤ እንዴት፣ መቼ፣ የሚል የለም። ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለቱም ወገን በአንድ ስምና በአንድ ዓርማ መግለጫ ያወጣ ጀመር። ጠቡ ስለ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ፤ ማኅተሙ ማን እጅ ነው የሚል ነበር። በእኛ ዘንድ ማኅተሙን የያዘ ፓርቲው እሱ ነው፤ አባል ባይኖረውም ቢሮ ባይኖረውም። ማኅተሙ የአንዱ ሰውዬ መኪና ውስጥ ሲዞር ከርሞ፣ አንድ እሑድ መኪናው ካለቦታው ቆሞ ቶው ተደረገ፣ ተጎትቶ ተወሰደ። ፓርቲው ሁለት ቀን በተያዙ መኪኖች ግቢ ውስጥ አደረ። ይህን የነገረችኝ ሴት ለማልቀስ ነበር የጀመረችው፤ አብረን ስቀን ጨረስነው።

እና ቅዳሜ ጀርመንታውን ሄድኩ። ጉልበቴ ተሻለው። ሜሮን በቤልትዌዩ፣ በቀለበቱ አውራ ጎዳና፣ እስክንደርስ ግብዣው ላይ አንዳች እንዳልናገር ልታስምለኝ ሞከረች፤ አልማልኩም። ግብዣው ያለበት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ በፊኛ ተሞልቷል፤ እታገኝ መሐል ላይ ባለ ትልቅ ወንበር ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ነጥቷል፤ እጇ ግን ያው ነው፣ ትልቅና የተረጋጋ። ስሳለማት «እንደምን አሉ?» አለችኝ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ደምሰው ማይክሮፎኑን ይዞ ሁለት ጊዜ ሳለ። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ይህን እንኳ አልነፍገውም። ስለ ሙያዋ ተናገረ፣ አሳቀን። ከዚያ ወደዚያ ምርጫ ገባና «ሕዝባችን ያኔ አልነቃም ነበር፤ የገዛ ሰፈሯ…» ሲል እታገኝ ዓይኗን ወደ ጉልበቷ አወረደች። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ፣ በገዛ ልደቷ፣ ያ ወረቀት እንደገና በሩ ላይ ሲለጠፍ አየሁ። ተነሣሁ። ሜሮን ቀሚሴን ያዘችኝ። «ማሚ፣ ፕሊዝ፣ ኖት ናው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ደምሰው» አልኩ። «ያቺን ወረቀት የት አደረሷት?»

«የቷን ወረቀት?»

«እኔ የጻፍኳትን። ኮትዎ ኪስ የገባችውን።»

ሳለ፤ ከሳሉ በኋላ ግን ንግግር አልመጣም። ብክድ እንኳ ማን ያውቃል ብሎ ማሰቡ ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ከዚያ ወደ እታገኝ አየ፤ እሷ ደግሞ ቀና ብላ እያየችው ነው። «ወይዘሮ አስካለ… ያኔ እኮ ትእዛዝ ነበር» አለ። ማይክሮፎኑ አፉ ላይ ስለነበር ደረጃው ላይ የተቀመጡት ልጆች ሳይቀሩ ሰሙት። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወንበር ፈለገ፤ አንዱ ተነሥቶ አስቀመጠው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቤ አዘጋጅቼዋለሁ! በሐሳቤ ውስጥ እሱ ይህን ያህል አላረጀም ነበር።

«አስካለ» አለችኝ እታገኝ። «ወረቀቷ ላይ ምን ነበር?»

«አንቺ ነበርሽ። ሌሎቹ ሁሉ ተደምረው ያንቺን አያህሉም። ሰፈሩ አንቺን ነው የመረጠው።»

«እና እስከዛሬ?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ በሰው ፊት እርስዎ ብለሽ ጠራሽኝ፤ ተቀየምኩ። ከዚያማ ቅያሜው ተመቸኝ፤ ተቀመጥኩበት።»

ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ልነግራት ወሰንኩ። ይህ የደምሰው ጥፋት አይደለም፤ ለሱ አልሰጠውም፣ የእኔ ነው። በሩ ላይ የሐሰት ወረቀት ቢለጠፍም ባይለጠፍም፣ በዚያ ቆጠራ ከመልካሙ ክምር ጎን ሌላ ክምር ነበር፤ የተበላሸ ድምፅ። መመሪያው ከተወዳዳሪው ጎን የኤክስ ምልክት ብቻ ይደረግ፣ ሌላ ጽሑፍ ያለበት አይቆጠር ይላል። የሰፈራችን ሴቶች ግን ድምፅ መስጠትን ከእታገኝ ጋር እንደመገናኘት ቆጠሩት። መጋረጃው ውስጥ ገብተው፣ እስክሪብቶ ሲሰጣቸው፣ ጻፉላት። ደምሰው አንዱንም አላየም፤ እያነሣሁ «ይህም ተበላሽቷል» እያልኩ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሕግ ሕግ ነው ብዬ። እያነበብኩ ነበር የምጥለው፣ ስለዚህም አልረሳሁትም።

«አንዷ ‹የመንታዎቹ እናት ነኝ፣ እግዜር ያክብርሽ› ብላለች» አልኳት። «አንዷ ጃንጥላው ላይ ዝናብ ሥላበታለች። አንዷ ‹ልጁ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገባልሽ› ብላለች። አንዷ ደግሞ ‹ገና ስድስት ወሬ ነው፣ ፓርላማ ብትገቢም እንዳትቀሪብኝ› ብላለች።»

«ወይኔ! እሷን ሄጄላታለሁ» አለች እታገኝ። «ሴት ልጅ ናት። ተቀይሜ ነበር፤ ግን ሄጃለሁ።» ሳቋ መጣ፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሌላዋ፣ ‹እግሩ ቀድሞ የመጣውን ልጅ ያወጣሽልኝ ትርንጎ ነኝ፤ ይኸው መረጥኩሽ› ብላ ፈርማለች።»

«በስሟ? በምስጢር ምርጫ?» መነጽሯን አውልቃ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ሳቅም ነው፣ ሌላም ነው። ቤዝመንቱ በሙሉ ይስቃል፤ ደምሰው እንኳ ወንበሩ ላይ ሆኖ እየሳቀ ነበር፣ ተውኩት። እታገኝ ያ ምርጫ ካለፈ ወዲህ ትርንጎን ሰላም ብላት አታውቅም። በርክና ጀርመንታውን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየተገናኙ ፊት ሲነሣሡ ኖረዋል። እታገኝ ሶስናን ጠራችና ትርንጎ ጋ ደውለሽ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊልኝ አለቻት። ጠራ። ከወዲያ በኩል የውኃ ድምፅ ይሰማል፣ ዕቃ እያጠበች መሆን አለባት።

«ትርንጎ» አለች፣ «እታገኝ ነኝ።» ውኃው ቆመ። «ማነው በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ደብዳቤ ጻፊ ያለሽ? ኤክስ አድርጊ ነው እኮ የተባልሽው!»

ትርንጎ የትኛው ወረቀት፣ የቱ ምርጫ ብላ አልጠየቀችም።

«ታዲያ ሌላ ወረቀት ሰጥተውን ነበር እንዴ?» አለች።